ፈላፍልና ኩስኩስ ወንድምና እህት ናቸው

አይጥ ንጹሕ፣ ጨዋና አስተዋይ እንስሳ ናት የሚል ሰው ካለ እባካችሁ ወደ እኔ ላኩልኝ። ቤቴ አይጠፋውም። እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ይምጣና «ያ አይጦቹን ያጋባው ሰውዬ የት ነው የሚኖረው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ከአትክልት ሻጩ እስከ አውቶቡስ ሾፌሩ ድረስ ሁሉም ጣቱን ዘርግቶ ያሳየዋል። በዚህ ዕድሜዬ ያተረፍሁት ስም ይህ ነው። እኔ! ከአሽቀሎንና ከረሖቮት ድረስ ሰው እየደወለ «ልጆቻችንን ልናጋባ ነውና ና ዘር ቁጠርልን» የሚለኝ ሰው!

ደግሞም አላጋባኋቸውም። ይህ ከሁሉ በፊት ይታወቅልኝ። እንዲጠያየቁ ብቻ ነው ያደረግሁት። ከዚያ ወዲያ ያለውን ራሳቸውን ጠይቋቸው።

ተወልጄ ያደግሁት አይጥ ጠላት በሆነችበት አገር ነው። ጎታ ትቦረቡራለች፣ ቆዳ ትበላለች፣ የዘር እህል ታረክሳለች። ሰው አይጥ ሲያይ ወይ ዱላ ያነሳል ወይ ድመት ይጠራል እንጂ ስም አያወጣላትም። እዚህ ግን ከፋብሪካ ስወጣ ገበያ ገብቼ ለአይጥ ኪያር እመርጣለሁ። መምረጡስ ደግ፤ ለጋ ኪያር ሲጠፋ ከሻጩ ጋር እጨቃጨቃለሁ። «ለሰላጣ ነው?» ሲለኝ «አዎ» እያልሁ ዐይኔን ሳላሽ እዋሻለሁ። ሽበቴን ያየ ሰው እንዲህ ይዋሻል ብሎ አይጠረጥርም።

ነገሩን ያመጣው ኖአም ነው። ኖአም የልጄ የሺራ ወዳጅ ነው፤ ካርሜ ጋት ሰፈር ካሉት አዳዲስ ፎቆች በአንዱ ከወላጆቹና ከአያቱ ጋር ይኖራል፣ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ክፉ ልጅ አይደለም። ሲገባ ዝቅ ብሎ እጅ ይነሳል፣ ሲበላ «እናቴ እጅሽ ይባረክ» ይላል፣ ባለቤቴ የሺ ስለዚህ ብቻ ልትሞትለት ነው። ነገር ግን በእኛ ዘመን ወንድ ልጅ ወደሚፈልጋት ልጅ ቤት ስጦታ ሲልክ ማር ይልካል፣ ጥሩ ነጠላ ይልካል። ይህ ልጅ ለልደቷ አይጥ ላከ። ያውም ሁለት።

ወንዱን ፈላፍል አሉት፣ ሴቷን ኩስኩስ። ስም ሲያወጡ ርቧቸው ነበር መሰለኝ።

ሺራ ቤር ሼባ ነርስነት ትማራለች። ሳምንቱን እዚያው የተማሪዎች ማደሪያ ታድርና ዓርብ በባቡር ትመጣለች። ማደሪያው ደግሞ አይጥ አያስገባም። እንዴት ያለ አስተዋይ ማደሪያ ነው! የእኔ ቤት ግን ያስገባል። «ለትንሽ ጊዜ ነው አባዬ» ብላ ሁለቱን የሽቦ ጎጆ ከነመሰላላቸው፣ ከነዥዋዥዌ አልጋቸው አራግፋልኝ መመሪያ ሰጠችኝ።

«ፈላፍል እኔ ክፍል ነው የሚቀመጠው። ኩስኩስ ሳሎን። አይገናኙም። ለአንድ ደቂቃም ቢሆን አይገናኙም። ሐኪሙ ለፈላፍል ቶር እስኪሰጠን ድረስ።»

ቶር የሚሉት ቀጠሮ ነው። በዚህ አገር ሰውም ሆነ አይጥ ያለ ቶር አይታከምም።

«ምን አሞት ነው?» አልኋት።

«አላመመውም። ሊያኮላሹት ነው።»

የሻይ ብርጭቆዬን አስቀመጥሁ። «ምን አጠፋ?»

«ምንም አላጠፋም። እንዳያጠፋ ነው።»

«ከማን ጋር ነው የሚያጠፋው? እዚህ ቤት ሌላ አይጥ አለ?»

«ኩስኩስ አለች አይደል!»

«ኩስኩስ ምኑ ናት?»

«እህቱ።»

«የአንድ እናት ልጆች?»

«የአንድ እናት፣ የአንድ ቀን ልጆች።»

«ታዲያ?»

«አባዬ፣ ዳይ! አይጦች እኮ ናቸው!» ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ዳይ ማለት በቃ ማለት ነው፤ ልጆቻችን ከኛ ጋር ሲነጋገሩ ከሌላው ቃል ሁሉ ይህን አስበልጠው ይወዱታል።

እኔ ግን ብቻዬን ቁጭ ብዬ ተናደድሁ። ፍረዱኝ እንግዲህ። እኛ ዘንድ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። የልጅቷ በአባቷም በእናቷም በኩል እስከ ሰባተኛው ቤት ወደ ላይ ይወጣል፤ የልጁም እንደዚሁ። አንድ ስም የሆነ ቦታ ላይ ከተጋጠመ ልጆቹ ወንድምና እህት ናቸው፣ ነገሩ አለቀ፤ ቢዋደዱም፣ አዳራሽ ቢከራዩም፣ ቀሚስ ቢሰፋም አለቀ። ይህን ቆጠራ አባቴ ጤፍ ስናርም እያስቆጠረ ነው ያስተማረኝ። ስሳሳት አረሙን ጥሎ ከመጀመሪያው ያስጀምረኝ ነበር። እስከ ሰባተኛው ቤት የሚፈራ ሕዝብ መሀል ያደግሁ ሰው፣ የአንድ እናት ልጆች ናቸው እየተባልሁ ምን ልጠርጥር?

እንስሳ ዘመድ እንደማይቆጥርማ አውቃለሁ፤ ገጠር ነው ያደግሁት። እነዚህ ግን ስም አላቸው፣ ኪያራቸው ይላጥላቸዋል፣ በዥዋዥዌ ይተኛሉ፣ ልጄ ከቤር ሼባ በስልክ «ደኅና እደሩ» ትላቸዋለች። ቤት ውስጥ ያደገ የቤት ሥርዓት ይይዛል ብዬ አሰብሁ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ከየት እንደሚመጣልኝ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች።

በዚያው ሰሞን የሺራና የኖአም ነገር ወደ ቁም ነገር ዞሮ ነበር። የኖአም አያት አባ ፈረደ ዘር ሊያስቆጥሩ ዓርብ ጠዋት ቤታችን ሊመጡ ተነጋገርን። አባ ፈረደን ያላወቀ የለም። ነጭ ሸማቸው አይጨማደድም፣ ፊታቸውም አይፈታም። የሌላ የልጅ ልጃቸውን ሠርግ፣ የጥሪ ወረቀቱ ከተበተነ በኋላ፣ ቆጣሪው አንድ ስም ላይ ስለተንተባተበ ብቻ አስቀርተውታል ይባላል። «የሚንተባተብ ሰው አያውቅም፤ የማያውቅ ሰው ዘመድ ከዘመድ ያጋባል» ብለው ተነሥተው ሄዱ አሉ።

ሺራ ይህን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። እየደወለች «አባዬ፣ ስሞቹን በደንብ ታውቃቸዋለህ አይደል? አትንተባተብም አይደል? እኔ ያለ ኖአም…» ትልና ትቋረጣለች። ልጄ አልቅሳ አታውቅም፤ ክትባት ሲወጓት እንኳ ነርሷን እያየች ትስቅ የነበረች ልጅ ናት። ድምፅዋ ሲሰበር «እንኳን ያንቺን፣ የአይጦችሽንም ዘር እቆጥርልሻለሁ!» አልኋት። አፌን ቆርጦ ቢጥለው ምን ነበረበት?

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ። የጠዋት ፈረቃ ነው የምሠራው፤ ከሰዓት በኋላ ቤት ስገባ የሺ ገና ከሥራዋ አልተመለሰችም። ቤቱ ጭር ይላል። በዚያ ጭርታ ውስጥ ፈላፍል የጎጆውን በር ይቧጭራል። ቧጨር፣ ቧጨር፣ ዝም። ቧጨር፣ ቧጨር፣ ዝም። ሳሎን ያለችው ኩስኩስ ደግሞ ድምፁን ስትሰማ ጆሮዋን አቁማ በሽቦው ላይ ትንጠለጠላለች። እሱ ኪያሩን አይበላም፣ እሷ ዳቦዋን አትነካም። በመሀላቸው ያለው አንድ ግድግዳ ነው።

እኔ ልጅ ሆኜ ከአጎቴ ጋር በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ስወጣ ታላቅ እህቴ አበቡ የታመመች እናታችንን ይዛ ቀረች። ስንለያይ «ነገ እመጣለሁ» አለችኝ። ዓመታት አለፉ። ወገኖቻችንን በአውሮፕላን ባመጧቸው ጊዜ ከአዲስ አበባ መጣች ተብሎ ያረፉበት ሆቴል በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ፣ ፊት ለፊቴ መጥታ ቆማ አላወቅኋትም። እሷ ናት በስሜ የጠራችኝ። እና እህትና ወንድም በግድግዳ ተለያይተው ሲፈላለጉ ማየት እኔ አልችልም። አልችልም አልሁ፣ አለቀ! ጨካኝ ከሆናችሁ እናንተ ቻሉት።

በሩን ከፈትሁ።

ሶፋው ላይ ፎጣ አነጠፍሁና ሁለቱንም አስቀመጥኋቸው። እናንተዬ፣ እንዴት እንደተገናኙ! አፍንጫ ለአፍንጫ ተሳሳሙ፣ እሷ ጆሮውን ላሰችው፣ እሱ አንገቷ ሥር ራሱን ቀበረ። እንባዬ መጣ። ሻዬን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥሁ፤ አንድ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲጠያየቁ ቆይተው የሺ ሳትመጣ ወደየቤታቸው መለስኋቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፈላፍል ኪያሩን በላ። በማግሥቱም እንደዚሁ አደረግሁ። ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። በገዛ ቤቴ ሌባ ሆንሁ፤ የደረጃው በር ሲንቋቋ አይጥ በእጄ ይዤ እሮጣለሁ።

እርግጥ አንዳንዴ ከፎጣው ወርደው ሶፋው ሥር ይገባሉ። ሲገቡ እኔ ዜናዬን አያለሁ። በወንድምና በእህት ጨዋታ ውስጥ ምን አገባኝ?

ኩስኩስ ወፈረች። እኔ ኮራሁ። «እዪያት፣ ኪያሩ ተስማማት» አልኋት የሺን።

«ኪያር ያወፍራል እንዴ?» አለች የሺ፣ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ እያየቻት።

«ለጋ ኪያር ያወፍራል።»

ሺራ ያን ሰሞን ፈተና ይዟት ዓርብም አትመጣም። ወፈረች፣ ወፈረች፣ በመጨረሻ በመሰላሏ መውጣት አቃታት። ዳቦውን ቀነስሁባት። «ሴት ልጅ እንዲህ ራሷን ትጥላለች?» ብዬ ተቆጣኋት። እሷ ወረቀት እየቀደደች ጥግ ላይ ታከማቻለች። ቤቷን እያሰማመረች ነው አልሁ። ምን አለፋችሁ፣ ያን ያህል ማየት የማይፈልግ ሰው ዐይን ለምን እንደተሰጠው አላውቅም።

ዓርብ ጠዋት፣ አባ ፈረደ በሚመጡበት ዓርብ፣ የሺ ከሳሎን ጮኸች። ሮጥሁ። ጎጆው ጥግ፣ ወረቀቱ መሀል፣ ቀያይ፣ ጠጉር የሌላቸው፣ ዐይናቸው ያልተከፈተ ነገሮች ይርመሰመሳሉ። አሥር ይሁኑ አሥራ ሁለት፣ አርፈው አይቀመጡ እንዴት ይቆጠሩ! ኩስኩስ ላያቸው ላይ ተኝታ እኔን ታየኛለች። የምታፍርም አትመስልም።

«ከማን ነው?» አለች የሺ።

«ከውጭ ነው!» አልሁ። ደሜ ፈላ። «ደረጃው ሥር ያለው ያ የቆሻሻ አይጥ ነው! ስንት ጊዜ ተናገርሁ፣ የቆሻሻውን ክዳን ዝጉ ብዬ! ይኸው የሰው ቤት ገብቶ…» መስኮቱን ፈተሽሁ፣ የሚርፔሴቱን በር ፈተሽሁ። ሚርፔሴት የሚሉት ሰገነቱን ነው። ሦስተኛ ፎቅ ነን። ቢሆንም ለዚያ ባለጌ ሦስተኛ ፎቅ ምኑ ነው?

እህቱ ተደፍራለችና ወንድሟ ይወቅ ብዬ ፈላፍልን ከክፍሉ አመጣሁና ጎጆው ውስጥ አስገባሁት። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን እንደ ባለቤት ገባ፣ ውኃ ጠጣ፣ ልጆቹን አሸተተ፣ ኩስኩስ ጎን ሄዶ ተጠጋ።

የሺ እሱን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። «ይህ አይጥ» አለች ቀስ ብላ፣ «ይህን ቤት የት ያውቀዋል?»

እኔ የመስኮቱን መዝጊያ እንደገና ፈተሽሁ።

«አንተ ሰውዬ፣ አገናኝተሃቸዋል?»

«ይጠያየቁ ነበር» አልሁ።

የሺ ሶፋው ላይ ዘፍ አለች። እኔም ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ቆሜ መቁጠር ጀመርሁ፤ ልማድ ነው፣ ሰው ሲወለድ ዘሩን መቁጠር። የእነዚህ ልጆች አባታቸው አጎታቸው ነው። እናታቸው አክስታቸው ናት። በአባታቸው በኩል ያለችው አያታቸው በእናታቸው በኩል ያለችው አያታቸው ናት። እርስ በርሳቸው ወንድምና እህት ናቸው፣ ደግሞ የአጎትና የአክስት ልጆች ናቸው። ሰባት ቤት ልወጣ ብሞክር ከአንድ ቤት መውጣት አቃተኝ። ወይ ፈላፍል! ያን ሁሉ ኪያር በልቶ፣ በእኔ ቤት፣ በእኔ ፎጣ ላይ!

«ሊደርሱ ነው! ሸፍነው!» አለች የሺ። ጎጆውን ከቦታው ለማንቀሳቀስ ፈራን፤ አራስ አይጥ ከደነገጠች ልጆቿን ትበላለች ሲሉ ሰምተናል፣ በዚያ ላይ ይህ ሊጨመርብን አልፈለግንም። ፈላፍልን ወደ ክፍሉ መለስሁ፣ የሺ የበዓል ነጠላዋን አምጥታ ጎጆውን አለበሰችው። ጎጆው ያለው ደግሞ ከትልቁ ወንበር ጀርባ ነው። ትልቁ ወንበር የሚሰጠው ለማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

አባ ፈረደ በኖአም ተደግፈው ገቡ፣ ትልቁ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። የራሳቸውን ወገን ቆጠሩ፤ በአንድ ትንፋሽ፣ አንድም ስም ሳይጎድል። ደስ ይላል! ከዚያ «እስቲ አንተ» አሉኝ።

ጀመርሁ። አንደኛው ቤት፣ ሁለተኛው ቤት። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ከነጠላው ሥር ጪው አለ። ተንተባተብሁ።

አባ ፈረደ ቅንድባቸውን አነሡ። «ምንድን ነው የሚጮኸው?»

«ማቀዝቀዣው ነው አባ» አለች የሺ።

«ማቀዝቀዣችሁ ከኋላዬ ነው?»

ወዲያው በሩ ተከፍቶ ሺራ ከባቡር ገባች፣ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው። አባ ፈረደን ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች፣ ኖአምን በዐይኗ «እንዴት ነው?» አለችው፣ ቀና ስትል ነጠላውን አየች። «ለምን ሸፈናችኋት? ትታፈናለች እኮ!» ብላ ገለጠችው።

እኔ ዐይኔን ጨፈንሁ።

«ማ ዜ?» አለች መጀመሪያ፣ ምንድን ነው ማለቷ ነው። ከዚያ ጮኸች፦ «አባዬ! አገናኘሃቸው!»

አባ ፈረደ በወንበራቸው ላይ ዞሩ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «ማነው እነዚህን እዚህ ቤት ያመጣ?»

ኖአም አመድ መሰለ። «እኔ ነኝ አባባ። ለሺራ ስጦታ።»

«ለምትወዳት ልጅ? አይጥ?» አሉ። በዚህ አንድ ነገር ከአባ ፈረደ ጋር ልባችን አንድ ነበር፤ ግን ጊዜው አልነበረም። «አባታቸውስ የት አለ?»

ሺራ እንባዋ እየወረደ፣ ንዴት የምትለውን አሳጥቷት፣ «እዚያ ክፍል ነው ያለው! ወንድሟ ነው!» አለች።

አባ ፈረደ በትራቸውን ያዙና ቀስ ብለው ተነሡ። «የሁለት አይጥ ዘር መቁጠር ያቃተው ሰው» አሉ፣ «ለእኔ የልጅ ልጅ ዘር ሊቆጥር ተቀምጧል?»

ይኼኔ ነው የፈነዳሁት። እኔ ምንም በሉኝ፤ ቆጠራ አያውቅም ግን ማንም አይለኝም! «እንዴት አላውቅም!» አልሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «አሳምሬ አውቃለሁ! ወንድምና እህት መሆናቸውን አውቄ ነው ያገናኘኋቸው!»

የሺ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሺራ «አባዬ፣ በናትህ ዝም በል» አለች በቀጭን ድምፅ። ኖአም የአያቱን ክንድ ይዞ እያየኝ ነበር፤ ልጁ እንዲያ ሲያይ አይቼው አላውቅም። ሁሉም ነገር በእጄ ላይ ሊፈርስ እንደሆነ ያን ጊዜ አየሁት። ልጄ ከዚያ ልጅ ልትለይ ነው፤ በእኔ ምክንያት፣ በኪያርና በፎጣ ምክንያት።

«አባ» አልሁ፣ «በር ይቧጭር ነበር። እሱ ከዚያ ይቧጭራል፣ እሷ ከዚህ ትሰማለች። እኔም እህቴ ኋላ ቀርታብኝ ያደግሁ ሰው ነኝ። ከስንት ዓመት በኋላ ፊቴ ቆማ ያላወቅኋት ሰው ነኝ። አንድ ግማሽ ሰዓት ቢጠያየቁ ምን አለበት ብዬ ነው። አይጥ መሆናቸውን ረሳሁት። በቃ፣ ይኸው ነው።»

አባ ፈረደ ቆመው ቀሩ። በትራቸውን አዩ፣ መሬቱን አዩ። «የእኔም ወንድም እዚያው ነው የቀረው» አሉ። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ። «እህትህ አሁን የት ናት?»

«እዚሁ ናት። ሁለት ሕንጻ አልፎ።»

«ቆጠራውን ታውቃለች?»

«ከአንድ አባት ነው የተማርነው።»

«አስጠራት።»

እታለም አበቡ እጇ ሊጥ እንደያዘ መጣች። ነገሩን የሺ በሁለት ቃል ነገረቻት። እታለም ጎጆውን አየች፣ እኔን አየች። «ቤታችን ድመት አልነበረችም?» አለችኝ። «ያቺ ድመት ከማን ነበር የምትወልደው? ከጎረቤት መንደር ሽማግሌ ልካ ነበር እንዴ?» ኖአም ሳቁን በሳል አሳለፈው።

አባ ፈረደ ፈረዱ። እሷ ስትቆጥር እኔ እንዳልሰማ፣ እኔን ሚርፔሴት ላይ አውጥተው የመስታወቱን በር ዘጉት። የገዛ ቤቴ ሚርፔሴት ላይ፣ ከልብስ ማስጫው ጋር! ፀሐዩ ያቃጥላል። በመስታወቱ ውስጥ የእታለምን ከንፈር አያለሁ፤ ይንቀሳቀሳል፣ ምንም አይሰማኝም። ስንተኛው ቤት ደረሰች? ያን በእናታችን በኩል ያለውን ረሳችው ይሆን? ሺራ ወደ እኔ ዘወር ስትል ነው ያወቅሁት፤ ለካ በጥፍሬ መስታወቱን እቧጭራለሁ። ልጄ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቋ አመለጣት።

ከፈቱልኝ። ገባሁ፣ ቆሜ ከመጀመሪያው ጀመርሁ። ከኋላ የፈላፍል ልጆች ጪው ጪው ይላሉ፤ ይጩኹ! አንደኛው ቤት፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ስድስተኛው ላይ «ተገኘ» የሚለውን ስም ስጠራ አባ ፈረደ እጃቸውን አነሡ። «የትኛው ተገኘ? የማን ልጅ?» በእሳቸውም ወገን አንድ ተገኘ ነበረ። ሺራ የኖአምን እጅ ያዘች።

«ተገኘ ወሌ» አልሁ ሳልንተባተብ። «ወሌ የብሩ ልጅ።»

አባ ፈረደ ወደ እታለም ዞሩ። እታለም ሊጡን ከጣቷ እየፈቀፈቀች ራሷን ነቀነቀች። «እሷም እንዲሁ አለች» አሉ። «የእኛ ተገኘ የአለሙ ልጅ ነው። አይገናኙም። ልጆቹ ንጹሕ ናቸው።»

የሺ እልል አለች፤ ኩስኩስ ደንግጣ ዥዋዥዌዋ ላይ ወጣች። ኖአም ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ፣ እኔም ሳልወድ በግድ ሳምሁት። አባ ፈረደ ሲመርቁ ቆዩና በመጨረሻ «አይጦቹን ግን ለዩዋቸው» አሉ።

ሺራ እንደ ነርስ ጠየቀችኝ። «ከወለደች በኋላ አላገናኘሃቸውም አይደል?»

«ጠዋት ለአንድ አፍታ ብቻ» አልሁ። «ሊጠይቃት።»

«አባዬ! በወለዱ ሰዓት እኮ ነው ደግመው የሚያረግዙት!»

እንግዲህ እነዚህን ነው ንጹሕ፣ ጨዋና አስተዋይ የሚሏቸው። አዎ፣ ደገሙት። የፈላፍል ቶር ሲደርስ እኔው ነኝ ሐኪም ቤት የወሰድሁት፤ በመንገድ ላይ አላዘንሁለትም።

ያን ዓርብ እታለም ስትወጣ በሩ ላይ ጫማዋን እያደረገች ቀና አለችና «በየቀኑ ነበር የምታገናኛቸው?» አለችኝ።

«በየቀኑ።»

«ግማሽ ሰዓት?»

«ግማሽ ሰዓት ያህል።»

«ለአይጥ እህት!» አለች። «እኔ ሁለት ሕንጻ አልፌ ነው ያለሁት። ከበዓል ወዲህ አንድ ቀን በሬን አንኳኩተሃል?»

መልሴን ሳትጠብቅ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ወረደች።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስወጣ እሷ ጋ እሄዳለሁ። ሻይ ታፈላለች፣ ስለ ጉልበቷ ትነግረኛለች፣ ስለ ድመታችን ታነሣብኛለች፣ እኔ እቆጣለሁ፣ እሷ ትስቃለች። ትናንት ግን ደክሞኝ ነበር። ሠርጉ ደርሷል፣ ፋብሪካው ሰው ጎድሎበታል፣ ወገቤን ያመኛል። ዛሬስ ቤቴ ልረፍ ብዬ ጫማዬን አውልቄ ሶፋው ላይ ጋደም አልሁ። በሕግ አምላክ፣ ሰው በቤቱ አያርፍም?

ስልኩ ጮኸ። እታለም ናት። ሰላም እንኳ አላለችኝም።

«ምነው ቀረህ?» አለች። «እኔም በር ልቧጭር?»

እየተነጫነጭሁ ጫማዬን አደረግሁ።